ቅርሳችንን መቅዳት ወይስ ከቅርሳችን መማር? ስለ ኅትመት ሥዕላችን

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ሥራ በየዓመቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የኅትመት ሥዕሎቹን፣ በተለምዶ ‹‹ፕሪንት›› የምንላቸውን ማለቴ ነው፣ ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው ቁጠሯቸው። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ፣ የአክሱም ሐውልት፣ የፋሲል ግንብ፣ ጀበና ከነሲኒው። አለፍ ሲል ደግሞ መሶብ ተሸክማ የምትስቅ ቆንጆ። ከእንጨት የተቀረጸውም፣ በሊኖ የታተመውም፣ በአሲድ የተበላውም ያው ነው። ስም ባይጻፍበት የማን ሥራ የማን እንደሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ።

ቅርስን የሚጠላ ሰው ጽሑፍ እንዳይመስላችሁ። እኔም ላሊበላን እወዳለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከቀረጽነው ተማሪዎች መካከል ስንቶቻችን ቦታው ድረስ ሄደን አይተነዋል? አብዛኞቻችን የቀዳነው ከፖስት ካርድ፣ ከካላንደር ወይም ከስልክ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ከላይ ሆኖ አነሳው፣ እኛም ከላይ አየነው። ይሄ እንግዲህ የሥዕል ሥዕል ነው። ‹‹ከቅርሳችንና ከማንነታችን ተነሳሽነት ወስጄ›› ብለን በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ስንጽፍ ግን ማንም አይጠይቀንም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ወደኛ የሥዕል ትምህርት እንዴት እንደገባ ማስታወስ ይጠቅማል። አቶ አለ ፈለገሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 በመሠረቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ትምህርትን ያቋቋመው ካርል ሃይንዝ ሃንሰን የሚባል ሰው ነበር። በ1915 ሐምቡርግ የተወለደ ጀርመናዊ ነው፤ ወደ ብራዚል ተሻግሮ ባሂያ የሚባለውን አገር ስለወደደ የቦታውን ስም ከስሙ ጋር ቀጥሎ ሃንሰን ባሂያ ተባለ። እዚህ ያስተማረው እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ነው። ሦስት ዓመት ብቻ! አንድ የውጭ ሰው የሚኖርበትን ሰፈር ስም የራሱ ስም ሲያደርግ እኛ የሰፈራችንን ስም በሥዕላችን ርእስ ላይ ለመጻፍ እናፍራለን። (ይሄ እንኳ በመካከል የገባ ሐሜት ነው፤ እለፉት።)

ዋናው ቁም ነገር ያለው ከሃንሰን ባሂያ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት አርቲስት ዘሪሁን የትምጌታ ዘንድ ነው። አጀማመራቸው የእንጨት ቅርጽ ነው። በኋላ ግን በይበልጥ የታወቁት ከሸማኔ ዕቃ ጋር በሚዛመዱ ቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ላይ በሠሯቸው ሥራዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢናሌ የተሸለሙትም በዚሁ ዘመን ነው። ልብ በሉ! ሽመናን እንደ ቅርስ አድርጎ ሸማኔ ቁጭ ብሎ ሲሸምን መሣል ይቻል ነበር። እሳቸው ግን የሸማኔውን ዕቃ ራሱን ወሰዱት። ዘንግ ከዘንግ ሲጠጋ የሚፈጠረው መሥመር የሥዕላቸው አካል ሆነ። ቅርሱ የሥዕሉ ርእስ ሳይሆን የአሠራሩ መንገድ ሆነ ማለት ነው። እስክንድር ቦጎሲያንም በክታብና በጠልሰም ያደረገው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ዓይኖቹንና መሥመሮቹን ወስዶ ሌላ ዓለም ሠራባቸው እንጂ ክታብ ገልብጦ አልሰቀለም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህንን ነው፦ ላሊበላን ከመቅረጽ ላሊበላ እንዴት እንደተቀረጸ ማሰብ ለኅትመት ሠዓሊ ይበልጣል።

እስቲ ‹‹ውቅር›› የሚለውን ቃል አስቡት። ውቅር ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልተሠራም። አለቱ ነበረ፤ የማያስፈልገው ተነሣ፤ የቀረው ቤት ሆነ። በእንጨት ላይ የምንሠራው ሥራ ሁሉ እኮ ይሄው ነው! መሮው የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልነካው ቀለም ይዞ ይወጣል። አንዴ ያነሡትን መመለስ አይቻልም፤ ጠራቢውም አይችልም ነበር፤ እኛም አንችልም። ይህንን ያሰበ ተማሪ የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ቅርጽ አንዴም ሳይሥል ከላሊበላ የተማረ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ሌላው ድጉስ ነው። የብራና መጽሐፍ ገበታ ቆዳ ከለበሰ በኋላ ባለሙያው ትንንሽ ብረቶችን በእሳት አግሎ ቆዳው ላይ ይጫናቸዋል። መሥመር፣ ክብ፣ መስቀል፣ ነጠብጣብ። ቀለም የለውም፤ የሚታየው ጫናው ራሱ ነው፤ ብርሃን በጎን ሲመታው ብቻ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። በስቱዲዮ ውስጥ ያለ ቀለም ወረቀት ላይ በማተም ‹‹ኤምቦሲንግ›› ብለን የምንማረው ነገር በቆዳ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ሙያችን ነው። የኅትመት ታሪክ ስንማር ስለ ጀርመንና ስለ ጃፓን እናነባለን፤ ደግ ነው። ድጉስ ግን በመጽሐፍ ጥገና ሥር እንኳ ስሙ ሲነሣ አልሰማሁም። አንድ የድጉስ ባለሙያ ለአንድ ቀን ጠርተን ብረቱን እንዴት እንደሚያግለው፣ ቆዳው ሳይቃጠል የሚበቃውን ሙቀት በምን እንደሚለየው ብንጠይቀው ከአሥር ስላይድ ይሻለናል ባይ ነኝ።

ክታብም እንደዚሁ። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ዓይን ዓይኑ ነው፤ ትልልቅ ዓይኖች፣ መላእክት፣ ሰይፍ። እኔን የሚገርመኝ ግን መጠኑ ነው። ክታብ በልማድ የሚዘጋጀው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ወረቀት ስንቆርጥ ግን ማተሚያው ያዘዘንን መጠን ነው የምንወስደው። አንድ ሰው የእናቱን ቁመት ለክቶ በዚያ ልክ ረጅምና ቀጭን ኅትመት ቢሠራ፣ አንድም ጠልሰም ሳይገባበት፣ ከክታብ ጋር የሚገናኝ አይመስላችሁም?

ስለ ፊደላችንም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ማንነትን ለማሳየት ሥዕሉ ጥግ ላይ ፊደል መበተን ፋሽን ሆኗል። ፊደል ለኅትመት ሠዓሊ ማስጌጫ ብቻ ሳይሆን ፈተናም ነው። እንጨቱ ላይ የተቀረጸው ነገር ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይወጣል። ለላቲን ፊደል ይህ ችግር ‹‹ቢ››ን ወደ ‹‹ዲ›› ይቀይራል። በኛ ደግሞ ‹‹ላ›› ቀኟ ስለሚረዝም ሳትገለብጥ ከቀረጽካት ‹‹ሎ›› ሆና ትወጣለች፤ ‹‹ባ›› ‹‹ቦ›› ትሆናለች፤ ‹‹ሳ›› ‹‹ሶ››። ‹‹ቡ›› ደግሞ ቅጥያዋ ወደ ግራ ትዞርና ከ231ዱ ፊደላት ውስጥ የሌለች ፍጡር ትሆናለች። ‹‹ቀ››ን የመሰሉት ግን ብዙም አይለወጡም። እንግዲህ አንዱ ፊደል በመስታወት ውስጥ ሌላ ድምፅ ሲያወጣ፣ አንዱ ዝም ሲል፣ ይህ ለሠዓሊ ሀብት እኮ ነው። በዚህ የቀለደ፣ ወይም ያዘነ፣ የኅትመት ሥራ አንድ እንኳ በአዳራሻችን አላየሁም። የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ የታተመው በሮም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1513፣ መዝሙረ ዳዊት ሆኖ ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በብረት ገልብጦ የቀረጸው እጅ ላና ሎን እንዴት እየለየ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ወደ ተፈጥሮ ልምጣ። ‹‹የአካባቢ ተፈጥሮ›› ሲባል ሁላችንም ራስ ዳሸንና ዋልያ ነው የሚታየን። እኔ የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ፣ የከተማው ደቡባዊ ጫፍ። አንድ መምህር በሥራ ግምገማ ላይ ‹‹ኮንዶሚኒየም ምን ተፈጥሮ አለው? ምንስ ማንነት አለው?›› ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ለኔ ባይሆንም መልሱን ግን ይዤ ቆይቻለሁ።

ጠዋት ከአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ የሬር አለ። ፀሐይ ከጀርባው ስለምትወጣ ተራራው ሙሉ ለሙሉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ እንደ አንድ ወጥ ጣውላ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሸንተረሮቹ በነጭ መሥመር መታየት ይጀምራሉ፤ ልክ አንድ ሰው በመሮ እየቀረጻቸው ነው የሚመስለው። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ በደቡብ በኩል ዝቋላ ከሜዳው ላይ ብቻውን ብቅ ይላል። ጥቅምት ላይ ጤፉ፣ ከመከር በኋላ ዋልካው ጥቁር መሬት ተሰነጣጥቆ። ስንጥቁን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ ማንም ሠዓሊ ያንን መሥመር ከራሱ አያወጣውም።

ጃፓናዊው ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ግድም የፉጂ ተራራን ሠላሳ ስድስት እይታዎች ብሎ በእንጨት ኅትመት ያወጣቸው ሥራዎች (ቆይቶ 46 ደርሰዋል) ለምን እንደተወደዱ ሳስብ፣ ተራራው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ተራራው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ጥግ ላይ ነው። ፊት ለፊት ያሉት በርሜል የሚሠራ ሰው፣ እንጨት የሚሰነጥቅ ሰው፣ ማዕበል የሚታገሉ ጀልበኞች ናቸው። ያው ተራራ ከሁሉም ሰው የሥራ ቦታ ይታያል። የሬርም እንደዚያ ነው። ከብሎኬት ማምረቻው ይታያል፤ ከሚኒባስ መጠበቂያው ይታያል፤ ልብስ ከተሰጣበት ሰገነት በአንሶላዎቹ መካከል ይታያል። ሠላሳ ስድስቱን የሚጀምረው ማነው?

ወፍ ለሚፈልግ ደግሞ ቁራ አለ። አዎ፣ ቁራ! የኛ ቁራ ምንቃሩ ወፍራም፣ ሰውነቱ ድፍን ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ነው። ይህ ዓይነቱ ቁራ በዓለም ላይ የሚገኘው በኛው በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ነው። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ከሰው በላይ ይጮሃል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ይዞ የተፈጠረ ወፍ በጥቁርና በነጭ ብቻ ለሚሠራ ሰው እንደተላከ ነው የምቆጥረው። ዋልያውን ፍለጋ ሰሜን ድረስ መሄድ ቢያምር እንኳ እስከዚያው ቁራው አለ።

ሕንፃው ራሱስ? ከደረጃው ሥር ገብታችሁ ወደ ላይ ብታዩ አርማታው ላይ የጣውላ መልክ ታያላችሁ። ሲሚንቶው ሲፈስ የያዘው ጣውላ ደም ሥሩን፣ ጉጡን፣ የመጋዝ ጭረቱን ሁሉ ትቶበት ሄዷል። እንጨቱ ወይ ማገዶ ሆኗል ወይ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው፤ ኅትመቱ ግን ቀርቷል። ቤቶቻችን በባሕር ዛፍ የታተሙ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ‹‹ኮንዶሚኒየም ከኅትመት ጋር ምን አገናኘው›› ለሚል ሰው ከደረጃው ሥር ይዤው እገባለሁ።

የቦታ ስሞቹንም ተመልከቱ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የአንድ ቀለም ኅትመት ርእስ አይመስልም? ላፍቶ ግራር ነው፤ ግራሩ ቢያልቅም ስሙ ለክፍለ ከተማ ቀርቷል። ገላን ደግሞ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። እንግዲህ ዕጣ ወጥቶልን ከየሰፈሩ የመጣን ሰዎች፣ ከመርካቶም ከጎጃም በረንዳም ከክፍለ ሀገርም፣ አድራሻችንን በጻፍን ቁጥር ያንን ስም እንጽፋለን። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የተነሡ ሰዎች እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ገላን ጉራ ሰፈሩ። ማንነት የለውም የተባለው ሰፈር ይህን ሁሉ ተሸክሟል።

የሬርን ከእርሻው ጋር በአንድ ኮምፔርሳቶ ላይ ቀርጬ ሃያ ቅጂ አትሜ ነበር። ማተሚያ አልነበረኝም፤ ወረቀቱን ከላይ አድርጎ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ማሸት ነው፤ ክንድ ያደክማል እንጂ ይሠራል። ለብሎካችን ሰዎች ሰጠሁ። ውጤቱን በግልጽ ልናገር፦ ሁሉም አልሰቀሉትም። አንደኛው ቤት የተሰበረ መስኮት ተሸፈነበት፤ የዕቁብ ሰብሳቢያችን እትዬ ደግሞ ጀርባው ላይ የዕጣ ተራ ጽፈውበታል። (ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ‹‹እንዲህ ዓይነት ሌላም ካለህ›› ብለውኛል።) የግቢያችን ጥበቃ አባባ ግን ኅትመቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት በዚህ አካባቢ ገበሬ ነበሩ።

‹‹ይሄ ዛፍ ላፍቶ ነው አይደል?›› አሉኝ በጣታቸው ሳይነኩት።

‹‹አዎ አባባ፣ ግራር ነው።››

‹‹ከሱ ወዲህ ያለው የወንድሜ መሬት ነበር። ከሱ ወዲያ ደግሞ የኔ።›› ትንሽ ቆዩና ‹‹ድንበሩን ግን በምን አወቅኸው?›› አሉ።

ድንበር የመሰላቸው ከእንጨቱ ደም ሥር አንዷ መሥመር ነበረች፤ እኔ አልቀረጽኳትም፤ ጣውላው ራሱ ነው ያወጣት። ነገርኳቸው። ሳቁና ‹‹እንጨቱም የዚህ አገር ነዋ›› አሉ። ኅትመቱን የጥበቃ ቤታቸው ውስጥ ከሻይ ቤት ካላንደር አጠገብ ሰቅለውታል። የላሊበላ ፖስተር ብሰጣቸውም በአክብሮት ይሰቅሉት ነበር፤ አልጠራጠርም። ድንበሩን ግን አይጠይቁኝም።

ከዚህ ላይ የሚነሣውን መቃወሚያ አውቀዋለሁ። ‹‹ቆንጆ ነው፤ ግን ማን ይገዛሃል?›› ነው። ቤተ ጊዮርጊስና ጀበና ይሸጣሉ። ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ወረቀቱም እንደዚያው፤ መሮ እንኳ ጥሩው ተፈልጎ ነው። ተመርቆ ቤት ኪራይ ለሚከፍል ልጅ ቱሪስት የሚገዛውን መሥራት ነውር አይደለም፤ ይሥራ። የምቃወመው ይህን እንደ ማንነት ፍለጋ አድርገን ውጤት ስንሰጥበት ነው። የገበያ ሥራን በገበያ ስሙ እንጥራው። ደግሞስ ኅትመት የሚባለው ጥበብ ልዩ ጠባዩ ምንድነው? ብዙ ቅጂ መውጣቱ አይደል? አንድ ሸራ አንድ ሀብታም ቤት ይገባል፤ ሃያ ቅጂ ሃያ በር ይገባል። ከጎረቤት ይልቅ ለአላፊ ቱሪስት ብቻ የምናትም ከሆነ ለምን ሥዕል አልቀባንም?

ደግሞ ከሰፈር መነሣት ከዓለም መድረክ አያስቀርም። በ1983 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ኤፍሬም ሰሎሞን በእንጨት ቅርጽና በቅይጥ ቁሳቁስ የሠራቸው ሥራዎች ምን ይዘው ነው በውጭ ጋለሪዎች የታዩት? ወንበር፣ ሸበጥ ጫማ፣ የሚያውቃቸው የሚመስሉ የሰፈር ሰዎች ፊት፣ ጋዜጣ። አንዲት ባዶ ወንበር ስለ ሥልጣን ስንቱን ትናገራለች! በናሚቢያ የኖረው ጆን ሙአፋንጌጆም (1943–1987) በሊኖ ላይ የቀረጸው የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የራሱን ብቸኝነት ነበር፤ ጽሑፉንም እዚያው ሥዕሉ ውስጥ ይቀርጸዋል፤ ከመሮው ስር እንደወጣ፣ ሰዋስው ሳያሳምር። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ጁሊ ምሕረቱ ኅትመቶችን ስንመለከት ደግሞ ጀበና የለም፤ ከተማ ነው፤ የተደራረበ፣ የሚነሣና የሚፈርስ። የኛ ከተማም እየፈረሰና እየተነሣ ነው፤ እኛ ግን ፋሲል ግንብ ላይ ነን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ካለፍኩ ይቆጨኛል። ተፈጥሮን መውደድ በሥዕሉ ብቻ አይሆንም። የአቃቂ ወንዝ በሰፈራችን በኩል ነው የሚያልፈው። የከተማውን ፋብሪካና ቤት እጣቢ ሁሉ ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ አባ ሳሙኤል ደግሞ እምቦጭ ከወረራቸው ውኃዎቻችን አንዱ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ግን አሁንም በዚያ አካባቢ ያርፋሉ። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኤቺንግ ስንሠራ ዚንኩን የምናስበላው በናይትሪክ አሲድ ነው። መዳብ ከሆነ ፌሪክ ክሎራይድ፤ ሲያልቅ መዳቡን ሟሙቶ ይዟል። ሮለሩን በናፍጣ ወይም በተርፔንታይን እናጥባለን። ይህ ሁሉ ማጠቢያው ውስጥ ቢደፋ የት ይደርሳል? ከአዲስ አበባ የሚወርድ ውኃ አብዛኛው መጨረሻው አቃቂ ነው። የአባ ሳሙኤልን ወፍ በሚያምር ኤቺንግ አትሞ አሲዱን ወደ ወፉ መላክ፣ እንግዲህ ይህን ምን ልበለው! መፍትሔው ከባድ አይደለም። ያለቀውን አሲድ በሶዳ እስኪያበቃ አፍልቶ መግደል፣ የመዳቡን ፈሳሽ በጄሪካን ለይቶ ማስቀመጥና ለሚያስወግድ አካል መስጠት፣ የዘይት ቀለምን መጀመሪያ በምግብ ዘይትና በጨርቅ ጠርጎ ከዚያ በሳሙና ማጠብ። የምግብ ዘይት ውድ ነው ትሉ ይሆናል፤ ልክ ነው፤ ግን ለአንድ ሮለር ሁለት ማንኪያ ይበቃል።

ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ አጭር ነው። በመመረቂያ ሥራ መመሪያው ላይ ‹‹ከቅርስና ከማንነት›› የሚለው ሐረግ ይቆይ፤ ግን ተማሪው ቦታውን ወይም ዕቃውን በአካል አይቶ፣ ነክቶ፣ ቢያንስ ሃያ ንድፍ ከቦታው ላይ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቅ። ላሊበላ መሄድ የቻለ ይሂድ፣ የትምህርት ክፍሉም ቢያግዘው ደስ ይለኛል። ያልቻለ ሰፌድ ላይ ቀለም ነክሮ ያትም። ቀልድ አይደለም፤ ሰፌድ በሮለር ስስ ቀለም አስነክታችሁ ወረቀት ብታሹበት ስፌቱ ዙር በዙር ነው የሚወጣው፤ የሰፊዋ እጅ የት ላይ እንደጠበቀና የት ላይ እንደላላ ሁሉ ይታያል። ግምገማ ላይ የሚቀመጡ መምህራኖቻችንም ‹‹ይህ የት አገር ነው?›› ከማለታቸው በፊት ‹‹ይህን መሥመር ከየት አገኘኸው?›› ብለው ቢጠይቁን እንወዳለን።

እንጨትን በተመለከተ፣ ዋንዛ ካልሆነ አልቀርጽም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ዋንዛ በእርግጥ ለመሮ ይመቻል። ግን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አራት ዛፎች አንዱ ነበር፤ ስለዚህ ያረጀ በርና የተጣለ የቤት ዕቃ ላይ ያለውን ፈልጉ። ከዚህ ሌላ በሰፈራችን ግንባታ ላይ የሚሠሩ አንድ አናጢ አርማታ ከፈሰሰባቸው በኋላ የሚጣሉ ጣውላዎችንና የኮምፔርሳቶ ቁራጮችን ከማገዶ በፊት ለተማሪ ለመስጠት ፈቃደኛ ሆነውልኛል። ሲሚንቶ የጠጣ ጣውላ መሮ ያደነዝዛል፤ መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ አለበት። ከፈገፈጋችሁት በኋላ ግን ደም ሥሩ ቁልጭ ብሎ ስለሚወጣ ምንም ሳትቀርጹበት እንዲሁ ብታትሙት እንኳ ያምራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ናቸው። የምትመጡ ሰዎች ጉጠት ያዙ፤ ሚስማሩ ገና አልተነቀለም።